ጥፋተኛ ሳይገኝ አይታደርም

ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገኘው ቡይት ራስ ነው። እዚያ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። እናቲቱ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ሁለት እጇን እያፈራረቀች ትነጫለች። ድንገት ከዳር ያለው አንዱ ይጮኻል፤ መንጋው ሣሩን ጥሎ ወደ ገደሉ ይንደረደራል። ነብር የለም። ጅብ የለም። ያለፈው አንድ የገበሬ ውሻ ነው። ጥቂት ቆይተው ይመለሳሉ፤ ጯሂውም እንደ ሌላው ተቀምጦ መንጨቱን ይቀጥላል። «ያለ በቂ ማስረጃ መንጋውን አሸብረሃል» የሚለው የለም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይደርሰው፣ ለጊዜውም አይታገድ። ሥርዓት አልበኝነት ማለት ይህ ነው።

የሚያሳዝነው የአቪዬሽኑ ዓለም የእነዚህን እንስሳት ጠባይ መውረሱ ነው። «ፍትሐዊ የደኅንነት ባህል» ይሉታል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 13ኛ አባሪ፣ የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ሌላ አደጋ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም ይላል። ያን ሁሉ መርማሪ ሰብስቦ፣ ጥቁሩን ሣጥን ከአፈር ውስጥ ቆፍሮ አውጥቶ፣ በመጨረሻ «እሱ ነው» ብሎ ጣት አለመቀሰር! አሜሪካኖቹማ ይብሳሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ ባወጡት ዘዴ፣ ሳያስበው የተሳሳተ አብራሪ ስህተቱን በ10 ቀን ውስጥ ጽፎ ከላከ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቅጣቱን ይተውለታል። ጽሑፉም የሚላከው ለተቆጣጣሪው ሳይሆን ለናሳ ነው፤ ናሳ ስሙን ይፍቅና ታሪኩን ሌሎች እንዲማሩበት ያሰራጫል። ሌባ በእግሩ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ሲናዘዝ አመስግኖ እንደመሸኘት ነው።

ከዚያ ደግሞ ሚዛናቸው አለ። ሰው ሆኖ የተሳሳተው ይጽናና፣ አቋራጭ የለመደው ይመከር፣ አደጋውን እያወቀ የደፈረው ብቻ ይቀጣ ይላሉ። አንዱን ከሌላው ለመለየት ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ሊያስፈልግ ነው። ሥራ የሚበዛበት አለቃ ይህን ጊዜ ከየት ያመጣል?

እስቲ አንድ ሀንጋር እናስብ፤ የትም አገር ይሁን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በመካኒኩ መሳቢያ ውስጥ ለእያንዳንዱ መፍቻ በቅርጹ ልክ ስፖንጅ ላይ ቦታ ተቆርጦለታል፤ አንዱ ከጎደለ ባዶው ቦታ አፍጥጦ ይታያል። ዛሬ የ10 ቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው። መካኒኩ ቢናገር የተዘጋው ሞተር እንደገና ይከፈታል፣ በረራው ይዘገያል፣ በማግስቱም ግምገማ ላይ ስሙ ይነሳል። ዝም ቢል ግን ነገ ከገበያ ሌላ 10 ቁጥር ገዝቶ ቦታውን ይሞላል፤ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ይነሳል፤ አለቃውም «ዘንድሮ አንድም መሣሪያ አልጠፋብንም» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት አበው ሀንጋር ውስጥ ሠርተው አያውቁም።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ከካርቱም የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አዲስ አበባ ላይ መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ ማኮብኮቢያውን አልፎ ሄደ። ከታች ቢጠሩት መልስ የለም። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ጥሏቸው እንደነበርና የቀሰቀሳቸውም አውቶፓይለቱ ሲለቅ የጮኸው ደወል እንደሆነ ተዘገበ። ዞረው በሰላም አረፉ። አየር መንገዱ ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ እንዳነሳቸው አስታወቀ። ደግ አደረገ፤ እንቅልፍ የግል ጉዳይ ነውና። «ከዚያ በፊት ስንት ሌሊት በርረዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጨረሻው አያምርም። ጥያቄው ወደ በረራ ፕሮግራሙ ይወስደዋል፤ ፕሮግራሙ ወደ አውጪው፣ አውጪው ወደ ሰው ኃይሉ፣ የሰው ኃይሉ ወደ በጀቱ። በጀት ደግሞ ከሥራ አይታገድም፤ አብራሪ ይታገዳል። ይህን ያየ ሌላ የደከመ አብራሪም ትምህርት ይወስዳል፦ ደክሞኛል ብሎ በረራ ከመመለስ ቡናውን ደብል ያዛል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበትም አደጋ በአጭሩ ሊቋጭ ይችል ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ በአብራሪዎቹ ሥልጠና ላይ ጣቱን የቀሰረ የምክር ቤት አባል አልጠፋም። ምርመራው ግን የአንድ ዳሳሽ የተሳሳተ ንባብ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ የሚደፍቅ ሶፍትዌር አገኘና ነገሩን አራዘመው። እንደ እድል ሆኖ በወንጀል የተከሰሰ ግለሰብ ተገኘ፤ ከዚያ ሁሉ መሐንዲስና ሥራ አስኪያጅ መካከል አንድ የቀድሞ የቦይንግ ቴክኒካል ፓይለት። መጋቢት 2014 ላይ የቴክሳስ ዳኞች በነጻ አሰናበቱት እንጂ። አይጥ በበላ ዳዋ መመታት የለበትም የሚል ሰው የትም አይጠፋም።

የጥቆማ ሣጥን በየመሥሪያ ቤቱ መሰቀሉን አልቃወምም። አንድ ሁለት ማሻሻያ ይደረግበት ብቻ። ጠቋሚው ስሙን እስከ አያቱ ይጻፍ፤ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የደመወዝ ዋስ ያያይዝ፤ ያየውን ወይም የተሳሳተውን በሦስት ኮፒ መዝገብ ቤት ያስገባ። የሣጥኑ ቁልፍ በዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ እጅ ይሁን። ሣጥኑ ተከፍቶ ባዶ በተገኘ ቁጥር ለሠራተኛው በሙሉ የምስጋና ወረቀት ይታደል።