ሰባት ዓመት ያረፈደ ስልክ

አክስቴ የምትኖረው መቀሌ፣ ሓወልቲ ሰፈር ነው። መቀሌ በሄድኩ ቁጥር ከመሳቢያዋ አንድ ዕቃ ታወጣና «እስቲ እየው» ትለኛለች፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሁሉ ጠጋኝ ይመስላታል። ሚያዝያ 2016 ላይ ያወጣችው ስልክ ነበር። ሰኔ 2013 መጨረሻ ላይ የስልክ መስመር ሲቋረጥ አጥፍታ ያስቀመጠችው ነው። ታኅሣሥ 2015 መስመር ሲመለስም ባለ ቁልፏን ትንሽ ስልክ ለምዳ ነበርና ዞር ብላ አላየችውም። አሁን ግን አሜሪካ የተወለደች የልጅ ልጇን በቪዲዮ ማየት አምሯታል።

ሲም የለውም። «ዋይፋይ አለ አይደል!» ብዬ የሰፈሩ ሐውልት ወርቃማ ሉል ከሚታይበት አንድ ካፌ ወሰድኳት። ስልኩ ሲበራ ቀኑ ጠፍቶበታል። ቀን መሙላት ምን ይከብዳል? ወር 8፣ ዓመት 2016፣ ሰዓት አራት ከሩብ።

የይለፍ ቃሉን አስተናጋጇን ጠየቅኋት። «ሓወይ፣ ካብ ሓደ ክሳብ ሸሞንተ» አለችኝ። ከአንድ እስከ ስምንት። ዋይፋይ ከስምንት ፊደል ያነሰ ቃል አይቀበልም፤ ሰዉም ከስምንት አያልፍም።

ስልኩ ወዲያው ተያያዘ። ለአክስቴ ሙያዬን ላሳያት ፈለግሁ። «ቃሉ እኮ በአየር ላይ አይላክም» አልኳት። ራውተሩ አንድ ቁጥር ይወረውራል፤ ስልኩ የራሱን ቁጥር ይጨምርበትና ሁለቱን ከይለፍ ቃሉ ጋር አስልቶ ውጤቱን ይመልሳል። ራውተሩም በበኩሉ ያንኑ አስልቶ ያመሳክራል። በአራት መልእክት ቃሉን ሳይጠሩ ይተዋወቃሉ። «እንደኔ በር ነዋ» አለች። እሷ ማታ በር ሲንኳኳ «እኔ ነኝ» ለሚል አትከፍትም፤ የቤት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ትጠይቃለች።

ዋትሳፕ ግን እምቢ አለ። ስለ ቀን የሆነ ነገር ጽፏል፤ ማን ያነበዋል! ጥፋተኛው ራውተሩ ነው ብዬ አስተናጋጇን አስነቀልኳት። ጥግ ላይ ፊልም የሚያወርድ ወጣት ጭንቅላቱን ያዘ። ራውተሩ ተመለሰ፣ ስልኩ ተያያዘ፣ ዋትሳፕ ያው እምቢ። ድረ ገጽ ብከፍት ቀይ ማስጠንቀቂያ። አሁንም ላስነቅል ስል ወጣቱ ተነስቶ መጣና ስልኩን አየው።

«ወንድም፣ ይሄን ስልክ በሐበሻ ነው እንዴ የሞላኸው?»

ለካ ነሐሴ 2016 በፈረንጅ አድርጌዋለሁ። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያስረዱበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። በፈረንጅ 2024 የተሰጠ ሰርተፍኬት ለዚህ ስልክ ገና ያልተጻፈ ወረቀት ነው፤ አጭበርባሪ ነው ብሎ መለሰው። ሲም ቢኖረው ኔትወርኩ ቀኑን ሊነግረው ይችል ነበር። ሰዓቱም ቢሆን በእኛው አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ወደኋላ ነው። ራውተሩ ግን ቀን አልጠየቀኝም፤ ቃሉን ካወቅህ ይበቃዋል።

አስተካከልን። ዋትሳፕ አሁን ደግሞ በስልክ ቁጥር የሚላክ ኮድ ፈለገ። የትንሿን ስልክ ቁጥር ሰጠሁት። አክስቴ ቦርሳዋ ውስጥ ሲጮህ ሰማች፤ አወጣችውና ስድስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ፣ ካፌው በሙሉ እስኪሰማ፣ በትግርኛ ጠራችልኝ። ቃሉ በአየር ላይ አይላክም ያልኩት ሰውዬ አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ።

ደወልን። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። ያኔ ነው እዚያ አሜሪካ ከሌሊቱ አስር ሰዓት መሆኑ ትዝ ያለኝ።

«በል ይተኙ» አለች አክስቴ፤ «እስከዚያ ሻይ ድገመን።»