ረጅም ዕድሜ፣ ከነፎቁ

አባቶቻችን ስለ ሽበት ሲያወሩ ክብሩን ብቻ ነበር የሚያወሩት፤ መመረቁን፣ ማስታረቁን፣ ወንበር ሲለቀቅላቸው ኮራ ብሎ መቀመጡን። ስለ ደረጃ ያነሳ አንድም ሰው አላስታውስም። ምን ያድርጉ፣ እነሱ ያረጁት መሬት ላይ ነው።

እኔ ያረጀሁት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ያውም አራተኛ ፎቅ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግንባታው ሲጀመር፣ ዋጋው እንዳይወደድ ተብሎ አብዛኛው ሕንጻ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ሆኖ ያለ ሊፍት ተሠራ። ብልሃቱን አልነቅፍም። ግን የሊፍቱ ወጪ መች ቀረ? ወደ ጉልበቴ ተዛወረ እንጂ። ዕጣዬም ዕድሜዬን አልጠየቀችም፤ ሲሮጥ የሚውለውን ጎረምሳ ምድር ላይ፣ እኔን ሰማይ ላይ አስቀመጠችን። ልጆቼ “እንኳን ደስ አለህ አባዬ፣ አየሩ ንጹሕ ነው” አሉኝ። አየሩስ ንጹሕ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚቀረው ትንፋሼ ነው።

ውኃዋ ደግሞ ከእኔ ብሳ ሁለተኛ ፎቅ ትደርስና ትመለሳለች። ጀሪካን ለሚያወጣልኝ ልጅ እከፍላለሁ፤ ከጡረታዬ መሆኑ ነው። በ60 ዓመትህ “ደክመሃል፣ ዕረፍ” ትባልና የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝህ አማካይ ይሰላል፤ ዕድሜ ልክህን ብታገለግልም ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አልፎ አልፎ ጭማሪ አለ ይባላል። ሽንኩርት ግን ጡረታ አልወጣም፤ ይኸው ዛሬም ዕድገት በዕድገት ላይ ያገኛል።

ከሰፈራችን ስንነሳ ዕድርተኛው አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ የካ አባዶ ደረሰው። ዕድሩ አልፈረሰም፣ መዋጮዬንም አላቋረጥኩም። ችግሩ ዕድር የሚደርስልህ ስትሞት መሆኑ ነው። ያን ዕለት ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ንፍሮውም ይመጣል። በሕይወት እያለሁ ቡና ሊያጣጣኝ የሚመጣ ሰው ግን ሁለት ታክሲ መቀየር አለበት። አንዳንዴ የድሮ ጎረቤቶቼን አንድ ላይ ላያቸው ስመኝ መሞት ያምረኛል። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ሳጥኑ በደረጃው መታጠፊያ ያልፍ እንደሆነ በዓይኔ ለክቼዋለሁ፣ ትንሽ መክሳት ይኖርብኛል።

ልጆቼ ከቨርጂኒያ በቪዲዮ ይደውላሉ። “አባዬ፣ የግፊት መድኃኒትህን ወሰድክ?” “አባዬ፣ ጨው ቀንስ!” “አባዬ፣ ብቻህን እንዳትወርድ!” አሳድጌ ለቁም ነገር ያበቃኋቸው ልጆች ተመልሰው እኔን እያሳደጉኝ ነው፤ ያውም በቁጣ። “እዚህ ና” ይሉኛል። የሄደ ወዳጄ አለ፤ ልጆቹ ሥራ ሲሄዱ እሱ የልጅ ልጅ ሲጠብቅ ይውላል። ልጁ አማርኛ አይሰማ፣ እሱ እንግሊዝኛ አይችል፤ ተፋጠው ካርቱን ያያሉ። እኔ እዚሁ ከራሴ ጋር ብፋጠጥ ይሻለኛል።

ደግሞ ቀን ተሰይሞልናል። የተባበሩት መንግሥታት በ1983 ወስኖልን በየዓመቱ መስከረም 21 ገደማ የአረጋውያን ቀን ይከበራል። ደስ ይላል፤ ለማክበር ግን መጀመሪያ መውረድ ያስፈልጋል።

ድሮ “ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ” እየተባልን ነበር የምንመረቀው። ምርቃቱ ደርሷል፤ ጧሪው ዶላር ይልካል፣ ቀባሪው ዕድር አለ። የጎደለኝ በሩን ገፋ አድርጎ “ቤቶች!” የሚል ሰው ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? የፊት ለፊቱ ጎረቤቴ ግን ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል፤ እስካሁን የማውቀው የቁልፉን ድምፅ ነው።

እንግዲህ እናንተን ቤት ሠሪዎቹን የምለምነው ጠባቂ ሠራተኛ ወይም ምቹ አልጋ አይደለም፤ ምድር ቤት ነው። ሽማግሌ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ ከተቀመጠ፣ አላፊው ሰላም ይለዋል፣ አግዳሚው ወሬ ያቀብለዋል፣ ሐኪም ቤት የሚሄድበትም ቀን ይቀንሳል። ምድሩ ለሱቅ በጨረታ ይሸጣል ካላችሁም ከሱቁ ጎን አንዲት ክፍል ትበቃናለች፤ ሱቁን በነጻ እንጠብቃለን። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ከማን ጋር አመሸ፤ በዚህ ሥራ የሚወዳደረን ካሜራ አልተሠራም።

እምቢ ካላችሁም አልረግማችሁም፤ የሽማግሌ እርግማን ደግ አይደለም። ብቻ ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ፤ ከነፎቁ።