እዚህ የሚጮኹበት ሰው የለም

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሽ መኮንን፤

«እናንተስ ተገላግላችኋል፤ መንገዱ ሰፊ፣ መኪናው አዲስ፣ ሾፌሩ ጨዋ፤ በመኪና መማረር ለእኛ ቀረ» ብለው ለላኩብኝ ወቀሳ መልስ ላደርስ ብዕር አነሳሁ። በዋሽንግተንና በአጎራባቾቿ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለው የአገራችን ሰው ቡና ላይ ሲቀመጥ በፖለቲካ ይጣላል፣ በቤት ኪራይ ያዝናል፣ በመኪና ግን አንድ ይሆናል። ታክሲ ነጂውም፣ ነርሷም፣ የኮምፒውተር ባለሙያውም በዚህ ጉዳይ ልዩነት የላቸውም። ከዚህ ሁሉ እሮሮ እኔ የጨበጥኩት አንድ ነገር ነው፦ የመኪና ጣጣ ባሕር ሲሻገር አይቀንስም፤ ተጠያቂው ነው የሚጠፋው። እርስዎ አዲስ አበባ ላይ ቢናደዱ የሚናደዱበት ሰው አለ፤ ረዳቱ፣ ትራፊኩ፣ መካኒኩ፣ ፍሬቻ ሳያሳይ የታጠፈው ሚኒባስ። እኛን የሚያናድደን መብራት፣ ካሜራና ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ጽሑፍ ነው። እነዚህ ደግሞ ቢሰድቧቸው አይሰሙ፣ ቢለምኗቸው አይራሩ።

ከዳሽቦርዱ ልጀምር። የእርስዎ ላዳ ስትታመም ትናገራለች፤ ኩሽኔታው ሲያልቅ ያፏጫል፣ ማርሚታው ሲቀደድ ሰፈር ይሰማል፣ ካንዴላው ሲቆሽሽ ሞተሩ ይንተፋተፋል። መካኒኩ ጆሮውን ጣል አድርጎ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ቢሳሳት እንኳ ተመልሰው የሚሟገቱት ሰው ነው። እዚህ ግን ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ ራሱን የሚመረምር ኮምፒውተር እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ኮምፒውተሩ ቅር ያለው ነገር ሲኖር የሞተር ቅርጽ ያላት ብጫ መብራት ያበራና እንደ አኮረፈ ሕፃን ዝም ይላል። የቤንዚን ክዳኑ በደንብ ካልጠበቀ ያቺ መብራት ትበራለች፤ ከሺሕ ዶላር በላይ የሚያስወጣው የጭስ ማጣሪያ ሲበላሽም ያቺው መብራት በዚያው ብጫ ትበራለች። ምስጢሩን ማወቅ የፈለገ ከመሪው ሥር ባለችው ሶኬት መሣሪያ ይሰካል፤ የሚያገኘው መልስ «ፒ 0455» የሚል ቁጥር ነው። ትርጓሜው የቤንዚን ትነት ከአንድ ቦታ በብዛት ያመልጣል ማለት ነው። ከየት? እሱን አይናገርም። የጎማው መብራት ደግሞ ሌላ ነው። ጎማቸው እየተላጠ የተገለበጡ መኪኖች ብዙ ሰው ከፈጁ በኋላ በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ምክንያት፣ ከ2008 ሞዴል ወዲህ አዳዲስ መኪኖች በሙሉ የጎማቸውን ነፋስ ይቆጣጠራሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲቀንስ ነፋሱም በ1 ፒኤስአይ ያህል ስለሚወርድ፣ የመጀመሪያው ውርጭ በጣለበት ማለዳ የሰፈሩ መኪና ግማሹ መብራቱን አብርቶ ይጠብቃል። ጎሚስታ ጋ ቢሄዱ አንድ ምስማር አይገኝም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሞቅ ስታደርግ መብራቱ በገዛ ፈቃዱ ይጠፋል፤ ማለዳ ያስደነገጠውን ሰው ግን ይቅርታ አይጠይቅም።

መንገዱስ ካሉ፣ ጉድጓድ እዚህም ሞልቷል። በክረምት ውኃ በአስፋልቱ ስንጥቅ ይገባል፣ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ሲቀልጥ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ከዚያ መኪና ሲረግጠው ይደረመሳል። የዋሽንግተን አስተዳደር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጸደይ ወቅት ለጉድጓድ መድፈኛ ልዩ ዘመቻ ያደርጋል። ቸርኬው የተጣመመበት ሾፌር ወደ አስተዳደሩ ስልክ 311 ደውሎ ሲናገር የአቤቱታ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ጉድጓዱ በመንግሥት መዝገብ ሰፈረ ማለት ነው። እናንተ ጋ ጉድጓዱ ቁጥር የለውም፤ አፈርና ድንጋይ ሞልቶበት ሳንቲም የሚጠይቅ ልጅ ግን አለው። በፍጥነት በኩል ደግሞ የዋሽንግተን መንገዶች፣ ሌላ ምልክት ከሌለባቸው፣ ከ2020 ወዲህ ወሰናቸው በሰዓት 20 ማይል ነው፤ ወደ 32 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከዚያ ከ11 እስከ 15 ማይል ያለፈውን ካሜራው 100 ዶላር ይቀጣዋል፤ በጊዜው ካልከፈለ እጥፍ ይሆናል። ሾፌሩ ጥፋቱን የሚሰማው ግን በፖስታ ነው። በየቀኑ በዚያው ካሜራ ፊት የሚመላለስ ሰው ከሆነ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ እስኪደርሰው ድረስ ወንድሞቹ ተከታትለው መንገድ ጀምረዋል። የናንተው ትራፊክ ፊሽካ ነፍቶ፣ አስቁሞ፣ መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ፣ ተቆጥቶና መክሮ ይቀጣል፤ ቢያንስ በዚያች ቅጽበት ጥፋትና ተግሣጽ ይገናኛሉ።

የመኪና ማቆሚያውን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ምሰሶ ላይ አራት ሰሌዳ ተደራርቦ ያገኛሉ። የላይኛው ከጠዋቱ መግቢያ ሰዓት በፊት ዞር በሉ ይላል። ሁለተኛው የሰፈሩ ፈቃድ ለሌለው ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈቀድም ይላል። ሦስተኛው ማክሰኞ መንገድ ስለሚጠረግ አይቆምም ይላል። አራተኛው ቀስት ነው፤ ቀስቱ ወደ ግራ የሚያመለክተው ለሦስቱ ይሁን ለአንዱ ለማወቅ ሕግ መማር ሳያስፈልግ አይቀርም። ሾፌሩ አንገቱን ሰቅሎ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ ቀኑን ቆጥሮ፣ ተመልሶ አንብቦ፣ በመጨረሻ ሌላው ስላቆመ እሱም ያቆማል። ሁለቱም አብረው ይቀጣሉ። አዲስ አበባ ላይ ያለቦታው ያቆመ ታርጋው ይፈታበታል፤ ታርጋውን የፈታው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ማዶ ይገኛል። እዚህ ወረቀት መጥረጊያው ሥር ተሰክቶ ይጠብቅዎታል፤ የሰካው ሰው የለም። አደባባዮቹና እነሱን የሚሰነጥቁት ሰያፍ ጎዳናዎች ቢያሳስቱዎት ደግሞ ተጠያቂው በ1791 እ.ኤ.አ. ከተማዋን የነደፈው ፈረንሳዊው ፒየር ሎንፋን ነው፤ እሱም ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሞላው።

ሰውና መኪና በእርግጥ የሚገናኙበት አንድ አስገራሚ ቦታ አለ፤ እሱም ቢሆን የኔን ሐሳብ ያጠናክራል። ከሰሜን ቨርጂኒያ ወደ ዋሽንግተን በሚያስገባው አውራ ጎዳና ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው የያዘ መኪና በፈጣኑ መስመር ያለ ክፍያ ያልፋል፤ ከዚያ ያነሰ የያዘ ይከፍላል፣ ዋጋውም እንደ መጨናነቁ በየጥቂት ደቂቃው ይለዋወጣል። በሌላኛው መንገድ፣ በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና፣ ተመሳሳይ የክፍያ አሠራር በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲጀመር ወደ 10 ማይል ለሚጠጋ ርቀት በመጀመሪያው ሳምንት 40 ዶላር ደርሶ ነበር። ክፍያው ከመምጣቱ በፊት፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ ሰዉ በፈጣኑ መስመር ለማለፍ የራሱን መላ ፈጥሯል። የማይተዋወቁ ሰዎች በተወሰኑ ቦታዎች ይሰለፋሉ፣ ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ፔንታጎን» ይላል፣ ሁለት ሰው ይገባል፣ ገንዘብ አይከፈልም። እርስዎ «እንዴ፣ ይኼማ ቦሌ፣ ቦሌ ነው!» ሳይሉ አይቀሩም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በተለመደው ሥርዓታቸው መሠረት ሾፌሩ ካላናገራቸው ተሳፋሪዎቹ አይናገሩም። ሦስት ሰው ካሜራውን ለማርካት ያህል አብሮ ይጓዛል፤ ሲደርሱ አመስግነው ይወርዳሉ። የእናንተ ሚኒባስ ግን ተጨናንቆም፣ በመልስ ጉዳይ ተጣልቶም፣ ስለ ኑሮ ውድነት ሳይስማማ ፒያሳ አይደርስም።

አሁን እርስዎ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። «ሰው ያልከው እኮ ለሻይ የሚጠይቀውንም ይጨምራል፤ ካሜራ ጉቦ አይበላም» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ካሜራ ዘመድ የለውም። ይኸው ከተማ ምስክር ነው፤ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ታክሲ ዋጋ በቀጠና ካርታ ይታሰብ ነበርና፣ እንግዳ ተሳፋሪ የተባለውን ከመክፈል በቀር መከራከሪያ አልነበረውም። ሜትር ሲገባ ከአገራችን ልጆች ጭምር ብዙ ሾፌር ቢያጉረመርምም፣ ተሳፋሪው ሒሳቡን በዓይኑ ማየት ቻለ። ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል፦ ሕግ ነፍስ ያድናል። ይህንንም አልክድም። ቨርጂኒያ ከ85 ማይል በላይ የነዳን ሰው በወንጀል ከሳ እስከ 12 ወር ልታስር የምትችለው ለጭካኔ ብላ አይደለም። ይህ ሁሉ ቁጥጥር እያለ እንኳ በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መንገዶች ከ40 ሺሕ በላይ ሰው ሞቷል፤ ቁጥጥሩ ባይኖር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። አገር ቤትም በየመንገዱ የሚያልቀው ወገን «ተነጋግረን እንስማማ» በሚል ዘዴ እንደማይድን እርስዎ ከኔ የተሻለ ያውቃሉ። ሦስተኛው «የራቀ ሁሉ ያምርሃል» የሚል ነው። እሺ፣ ይሁን፤ ቀለበት መንገድ ላይ በከባድ መኪና ጭስ ታፍኖ የቆመ ሰው ናፍቆቴን ቢሰማ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ።

ነገር ግን እነዚህ ሦስት መቃወሚያዎች የሚመልሱት ሕጉን ማን ይጠብቅ የሚለውን ነው፤ እኔ የምለው አቤቱታውን ማን ይስማ ነው። እዚህም ይግባኝ አለ፤ ቅጣቱን በፖስታ ወይም በኢንተርኔት መቃወም፣ ቀርቦም መከራከር ይቻላል። ሰው የሚገኘው ግን ከቅጽ፣ ከቀጠሮና ከመጠበቅ በኋላ ነው፤ ብዙው ሰው የሥራ ሰዓቱን ሲያሰላ ከፍሎ መገላገልን ይመርጣል። ማሽኑ ሁልጊዜ ትክክል ስለሆነ ሳይሆን መከራከሩ ከቅጣቱ ስለሚወደድ ነው የሚያሸንፈው። አሜሪካኖቹም ይህን አላጡትም። የማሳቹሴትስ መራጮች በ2012 እ.ኤ.አ. የመኪና አምራቾች የምርመራ መረጃቸውን ለግል ጋራዦችም እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ በድምፃቸው አጸደቁ፤ በ2020 ደግሞ መኪናው በገመድ አልባ የሚልከውን መረጃ ጨምረው እንደገና ድምፅ ሰጡ። የፈለጉት ከመብራቷ በስተጀርባ ያለውን ነገር የሰፈራቸው መካኒክ እንዲያየው ነው።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ለእርስዎም ስለሚመጣ ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ አዲስ አበባ በባትሪ መኪና እየተሞላች እንደሆነ እሰማለሁ። ቤንዚን ለመቅዳት ከመሰለፍና ከጭሱ መገላገል ቀላል ጥቅም አይደለም። ግን ላዳዋ ባትሪዋ ሲደክም ሦስት የሰፈር ጎረምሳ ገፍቶ ያስነሳታል፤ እርስዎም ሁለተኛ ማርሽ ከተው ፍሪሲዮን ሲለቁ ትነሳለች። አዲሱ መኪና በግፊ አይነሳም፤ ስክሪኑ ሲጨልም ጎረምሶቹ ከበው ከማየት በቀር የሚረዱት ነገር የላቸውም። ስለዚህ ልጆችዎ አዲሱን መኪና ሲገዙ ከቀለሙና ከስክሪኑ ስፋት በፊት ሻጩን ሁለት ጥያቄ ይጠይቁልኝ፤ ሲበላሽ የሚከፍተው መካኒክ እዚህ ከተማ አለ ወይ? የምርመራ መሣሪያውና መለዋወጫውስ ከሻጩ ሌላ ሰው እጅ ይገባል ወይ? መልሱ «ኮምፒውተሩ ራሱ ይነግርዎታል» ከሆነ ገንዘባቸውን ይዘው ይመለሱ። ፍጥነቱን ካሜራ ይቆጣጠረው፣ ሒሳቡን ሜትር ይቁጠረው፤ ብልሽቱንና አቤቱታውን ግን ሰው ይስማው።

ከመካኒክዎ ጋር ባለፈው ስለ ፍሬኑ የተጣላችሁትን ቶሎ ታረቁ፤ የሚጣሉት መካኒክ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አክባሪ የወንድም ልጅዎ፣
ከዋሽንግተን አካባቢ