ስለ አሮጌ ውሻ የሌሊት ጩኸት፦ ከሎስ አንጀለስ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለእትዬ፦ በስልክ ውስጥ ስለተሰማውና «ሌባ ገባ እንዴ?» ስላሰኘው ጩኸት የቀረበ ማብራሪያ።

ያረጀ ውሻ ሌሊት የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ሌባ አይቶ አይደለም። በአገር ቤት መጮህ የውሻ ሥራው ነው፤ ጅብ አጥር ጥግ ደርሶ ሲመለስ ዝም ያለ ውሻ በማግስቱ ፍርፋሪውን ይነፈጋል። በሎስ አንጀለስ ግን በሩን ካሜራ፣ ንብረቱን ኢንሹራንስ ስለሚጠብቁት ውሻው ሥራ ሳይጀምር ጡረታ ወጥቷል። የሚያድረው ቤት ውስጥ ነው (እዚህ ላይ ማማተብ ይፈቀዳል)፤ የራሱ ሐኪምና የራሱ የሕክምና መዝገብም አለው። ትልልቆቹ ዝርያዎች 7 ወይም 8 ዓመት ሲሞላቸው፣ ትንንሾቹ ዘግየት ብለው 10 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከሽማግሌ ይቆጠራሉ። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ አንዳንዱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ ፍሪጁ ፊት ቆሞ መጮህ የሚጀምረው። በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ ምሳ ተበልቶ ቡና እየተፈላ ስለሆነ፣ ስደተኛው እንቅልፍ ካጣ አይቀር ብሎ አገር ቤት ይደውላል፤ ጩኸቱም ሳይጋበዝ ወሬው ውስጥ ይገባል።

ውሻው መጮኹን ትቶ ያላዘነ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ሟርት ይሄዳል፤ «ሰፈር ውስጥ ሰው ሊሞት ነው» ይባላል። የእንስሳት ሐኪም ይህን አይመዘግብም። እሱ የሚለው «ሽንቱን ይዛችሁ ኑ» ነው፤ የምርመራው ሒሳብ ሲመጣ የሚያላዝነው ባለቤቱ ይሆናል። ሽንቱ ግን ያለ ምክንያት አይፈለግም። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ስኳር የያዘው ውሻ ውኃ ያበዛል፣ ውኃ ያበዛ ሌሊት ይነሣል፣ የተነሣ ደግሞ በር እንዲከፈትለት ይጮኻል። አወሳሰዱም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፦ ጠዋት ውሻው እግሩን ሲያነሣ ረጅም እጀታ ያለው ንጹሕ ጭልፋ ይዞ ከኋላ ቀስ ብሎ መጠጋት፣ ውሻው ዘወር ብሎ በትዝብት ሲያይ አለመሳቅ፣ የተቀዳውን ሳያፈሱ መመለስ። ጭልፋው ከዚያ ወዲያ ወጥ ድስት ውስጥ አይገባም።

ቀጥሎ የሚፈተሸው ሕመም ነው። ቁርጥማት ያለበት ውሻ ቀን ወዲያ ወዲህ ሲል ይረሳው ይሆናል፤ ሌሊት ረጅም ሰዓት ተኝቶ መገጣጠሚያው ሲደርቅ ግን መነሣት ያቅተዋል፣ ሲያቅተው ይጣራል። የጥርስ ሕመምም እንዲሁ ነው። ጆሮው የደነቆረ ውሻ የቤተሰቡን ኮቴ ስለማይሰማ ብቻውን የቀረ ይመስለዋል፤ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ደግሞ በጨለማ የለመደው ወንበር ይሰወርበታል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አይታለፍም፦ ከሰው መድኃኒት ሣጥን አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል አውጥቶ ለውሻ ማካፈል ደግነት አይደለም፣ ሊገድለው ይችላል።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ምንም ካልተገኘ ወይም የተገኘው ታክሞም ጩኸቱ ካልቀረ፣ ጥርጣሬው ወደ መጃጀት ያመራል። ውሻ እንደ ሰው ይጃጃል። በአእምሮው ውስጥ የሚጠራቀመው ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን፣ የአልዛይመር በሽታ ባለበት ሰው አእምሮ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ነው። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ የመጃጀት ምልክት ታይቶባቸዋል። ምልክቱ ለሚያስተውል ሰው ግልጽ ነው። ውሻው በሩ በሚከፈትበት በኩል መቆሙን ትቶ በማጠፊያው በኩል ቆሞ ይጠብቃል። ከሶፋው ኋላ ይገባና ወደ ኋላ መመለስ እንደሚቻል ይረሳል። ለሽንት ወጥቶ አበባ አሽትቶ ይመለስና ጉዳዩን ምንጣፍ ላይ ይፈጽማል። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ውሎ ሌሊቱን ይዞራል፤ ቀንና ሌሊቱ ተምታቶበታልና። በዚህ ረገድ ከአገር ቤት ጋር በስልክ ከሚኖረው ስደተኛ ብዙም አይለይም።

እንዲህ ያለው ውሻ የሚጮኸው ግራ ስለገባው ነው፤ ስለዚህ በቁጣ አይታረምም። ባለቤቱ ከመኝታ ቤት «ዝም በል!» ብሎ ሲጮህ፣ ውሻው አብሮት የሚጮህ ሰው ማግኘቱን ብቻ ይረዳል። በኤሌክትሪክ የሚነዝሩ የአንገት ማሰሪያዎች የባሰ ያስፈሩታል፤ ለአሮጌ ውሻ ይህን መግዛት ነውር ነው። የሚረዳው ሌላ ነው፦ ቀን አለማስተኛት፣ አመሻሽ ላይ ቀስ ያለ የእግር ጉዞ፣ ከመኝታ በፊት የመጨረሻ የሽንት መውጫ፣ በኮሪደሩ ትንሽ መብራት፣ በሚያንሸራትተው ወለል ላይ ምንጣፍ፣ የሶፋውን ኋላ መዝጋት። ምኝታውን ወደ ሰው መኝታ ቤት ማስጠጋት ከሁሉ ይበልጣል፤ ብዙ ውሾች የሰው ትንፋሽ ከሰሙ ይረጋጋሉ። ዕቃ ቦታ መቀያየር ግን አይገባም። ሶፋ ማዘዋወር የሚወድ ቤተሰብ ጥቂት ዓመት ይታገሥ።

መድኃኒትም አለ። ሴሌጂሊን የተባለው፣ በሰው ዘንድ ለፓርኪንሰን በሽታ የሚሰጠው፣ በአሜሪካ ለውሻ መጃጀት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ውጤቱን ለማየት ሳምንታት ይወስዳል፤ ለሁሉም አይሠራም። ሐኪሙ እንቅልፍ የሚያግዝ ሜላቶኒን ወይም ጭንቀት የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል። ሜላቶኒኑ ለሰው የተሠራ ከረሜላ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጀርባው ይነበባል፤ አንዳንዱ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ አለበት፣ እሱ ለውሻ መርዝ ነው።

የቀረው ጎረቤት ነው። አገር ቤት ጎረቤት የሚያማርረው ውሻው ባለመጮኹ ነው። በሎስ አንጀለስ ደንብ ያለማቋረጥ 10 ደቂቃ፣ ወይም እያረፈ በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚሰማ አዋኪ ጩኸት ከልክ ያለፈ ይባላል፤ ተበዳዩም ለከተማው የእንስሳት ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመለክታል። ስለዚህ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ፌርፋክስ ጎዳና ከሊትል ኢትዮጵያ አንድ ድፎ ዳቦ ገዝቶ በሩን ማንኳኳት፣ ውሻው እንዳረጀና ሕክምና እንደጀመረ በግልጽ መንገር፣ የባለቤቱንም ስልክ ቁጥር መተው ይበጃል። ከዳቦው ጋር የጆሮ መድፈኛ ይጨመራል፤ ሁለት ጥንድ ተገዝቶ አንዱ ለባለቤቱ ይቀራል።