ዘይት የማይቀየርበት ክርክር

ስለ ፖለቲካ ዝም የሚል ሰው አውቃለሁ። ስለ ኳስ ዝም የሚልም ተፈልጎ አይጠፋም። ስለ ሞተር ዘይት ዝም የሚል ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የአሮጌ ናፍጣ መኪና ኮፈን ከፍታችሁ መንገድ ዳር ቁሙና እዩ፤ ሎተሪ አዟሪው ሳይቀር አንገቱን አስግጎ «ምን ዘይት ነው የምትጠቀመው?» ይላችኋል።

የእኔዋ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ባለ 2.8 ሊትር 3ኤል ሞተር፣ ቱርቦ የማታውቅ፣ ኮምፒውተር ያልዞረባት። እሷ ስትነሳ ሰፈሩ አብሮ ይነሳል። በዘይቷ ጉዳይ ሁለት አማካሪዎች አሉኝ፤ አንዱ መካኒኬ፣ ሌላው ከቨርጂኒያ ለእረፍት የመጣው የባለቤቴ ወንድም።

«ሲንተቲክ እንዳታስነካት ልጄ!» ይላሉ መካኒኬ። «ቀጭን ነው፤ ደግሞ ያጥባል። እዚያ ፓራዮልዮው ላይ የተጋገረውን ሁሉ አጥቦ ካወረደው በኋላ ዘይቱን ምን ሊይዘው ነው?» በእሳቸው አባባል መኪናዬ የተያያዘችው በብሎን ሳይሆን በእድፍ ነው።

«እኛ አገር እኮ ሰው ሁሉ ሲንተቲክ ነው» ይላል ጉለሌ ተወልዶ ያደገው የባለቤቴ ወንድም። «አንዴ ቀይረህ 10 ሺህ ማይል መንዳት ነው።»

ሁለቱም በጣም እርግጠኞች ስለሆኑ ነገሩን ራሴ ማጣራት ያዝኩ። «ቀጭን ነው» የሚለው ክስ ብዙም አልቆመ። 15ደብሊው-40 የተባለው መደበኛ ዘይትና 5ደብሊው-40 የተባለው ሲንተቲክ ሞተር ሲግል ውፍረታቸው አንድ ክልል ውስጥ ነው፤ የኋለኛው 40 በ100 ዲግሪ የሚለካው ለዚሁ ነው። ልዩነታቸው ብርድ ላይ ነው። ባለ 15ቱ ሞተር ለማስነሳት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ ባለ 5ቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በታኅሣሥ ንጋት ጥርስ ብታንቀጫቅጭም ወደዚያ አትጠጋም። የሲንተቲኩን ጥቅም በደንብ ለማየት ሃይሉክሴን ቨርጂኒያን አሳልፌ አላስካ ማድረስ አለብኝ።

የማፍሰሱ ወሬ ግን ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ሞቢል 1 በ1970ዎቹ አጋማሽ ገበያ ሲወጣ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ሲንተቲኮች የተሠሩበት ነገር ዘይት የሚያግተውን የፓራዮልዮ ጎሚኒ የማኮማተር ጠባይ ነበረው። አምራቾቹ ጎሚኒ የሚያሳብጥ ሌላ ቅመም ጨምረው ጣጣውን ካስተካከሉት ቆይተዋል። መካኒኬ የነገሩኝ ወሬ እውነት ነበር፤ ጋራዡ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው። ያረጀና የደረቀ ፓራዮልዮ እንደሆነ ምንም ብታፈሱበት ማፍሰሱን አይተውም።

አሁን የቨርጂኒያው ተራ ነው። 10 ሺህ ማይል ማለት ከ16 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል የሚሄደው ንጹሕ የሚያቃጥል አዲስ ሞተር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌላት አሮጌ ናፍጣ አየር ሲያንሳት ጥቀርሻ ታበዛለች። ጥቀርሻው ሁሉ በጭስ ማውጫ አይወጣም፤ ባረጀው የፒስተን ፋሻ ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ የሚገባ አለ። አዲስ ዘይት በተቀየረ ማግስት የሚጠቁረው ስለተበላሸ አይደለም፤ ሥራውን ስለጀመረ ነው። ጥቀርሻውን በትኖ ይሸከማል፤ የናፍጣው ድኝ የሚፈጥረውን አሲድም ያመክናል። ግን የሚሸከመው በልክ ነው። ታክሲ ከሞላ ሞላ ነው፤ ወንበሩ ቆዳ ይሁን ጨርቅ ለቆመው ሰው ለውጥ የለውም።

ስለዚህ ለእሷ የሚበጀው ለናፍጣ ሞተር የተሠራ፣ ጋሎኑ ላይ እንደ ሲአይ-4 ያለ ደረጃ የተጻፈበት፣ አስመስለው ያልሠሩት መደበኛ ዘይት ነው፤ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ከነፊልትሮው። ዘይት ለሚበላ ሞተር ደግሞ ውድ ዘይት መቀለብ ትዳር ያናጋል።

ይህን ሁሉ ለአማካሪዎቼ ሳስረዳ ምሳ ደረሰ፤ ከምሳ በኋላ ቡና መጣ፤ በሦስተኛው ስኒ ክርክሩ ከዘይት ወደ ፊልትሮ ተሻገረ። ዘይቱን ግን ማንም አልቀየረውም። የክርክሩ ጣዕም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዘይት መምረጥ በነፃ ነው፤ መቀየር ግን ብርና ቅዳሜ ይጠይቃል። አሮጌ ናፍጣዎቻችንን የሚገድላቸው የተሳሳተ ዘይት ሳይሆን፣ ትክክለኛው እስኪወሰን ድረስ የሚቆየው አሮጌው ዘይት ይመስለኛል።

በመጨረሻ መደበኛው ተገዝቶ ተቀየረ። የባለቤቴ ወንድም በስጦታ ያመጣው የሲንተቲክ ጋሎን ሳይከፈት ተረፈ። መካኒኬ አነሱት፣ ጽሑፉን አገላበጡት፣ ከዚያም ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ቪትዝ ወሰዱት።

«ጋሼ፣ ያጥባል ሲሉኝ አልነበር?» አልኳቸው።

«ታጥቦ የሚያፍረው ያንተ ነው» አሉኝ።