ደሬቻ ደረጃ አይደለም

እህቴ ማድሪድ ከገባች ወዲህ «መጥተህ ጠይቀኝ» ማለቷን አላቆመችም። ቪዛው እስኪሳካ ቋንቋውን ልጀምር ብዬ ጎረቤቴ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ናቸው። የወጣቶች ደሴት በሚባለው ስፍራ ግማሽ ቀን እየተማሩ፣ ግማሽ ቀን እርሻ እየሠሩ አድገዋል።

«ደብተርህን ተወው፤ ሰው አገር ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠፋው ሕንፃ ውስጥ ነው» አሉና አዳማ ዋናው መንገድ ዳር ወዳለ ባለ ስድስት ፎቅ ይዘውኝ ገቡ።

በሩ «ፑዌርታ» ነው። እኛ ሊፍት ማለት ሳንጀምር አባቶቻችን አሳንሰር ይሉት የነበረው «አሴንሶር»፣ ባኞ ቤቱም «ባኞ»። ይሄማ የኛው ነው ብዬ ፈነደቅኩ። የኛ አይደለም፤ ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ነው። ጣሊያንኛና ስፓኒሽ የላቲን ልጆች ናቸው፤ ቢሆንም እህትማማቾቹ አንዳንዴ ይካካዳሉ። ጣሊያን «ሳሊታ» ሲል ዳገት ነው፣ ስፔን «ሳሊዳ» ሲል መውጫ። እኛ ግን ዳገቱንም በሩንም «መውጣት» ብለን ተገላግለናል።

«አሁን፣ አ ላ ደሬቻ!» አሉኝ። ደረጃውን መውጣት ጀመርኩ።

«ወዴት ነው? ወደ ቀኝ እኮ ነው ያልኩህ! ደረጃ እስካሌራ ነው።»

«ደሬቻ»ን «ደሬቾ» ካልኳት ደግሞ ቀኝ መሆኗ ቀርቶ ቀጥታ ትሆናለች። «ኩዋርቶ» አራተኛም ነው፣ ክፍልም ነው። ቋንቋውን ያወጣው ሰው እንግዳ የሰለቸው ሳይሆን አይቀርም።

ለድካማቸው ቡና ልጋብዛቸው ብዬ አራተኛ ፎቅ ወዳለው ካፌ በሊፍት ተሳፈርን። ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ቀጥ አለ። ጨለማ።

«አፓጎን!» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ድንገት የጎረምሳ ሆነ። መብራት ጠፋ ማለት ነው። ኩባም እንደኛው ስለሚጠፋ ይህቺን ቃል የሚረሳት የለም።

በሩን ደበደብን። ጥበቃው ከታች «ስንተኛ ላይ ናችሁ?» ብሎ ጮኸ።

«ኩዋርቶ!» አልኩ፣ ከአፌ አምልጦኝ። ጋሼም ተከትለው አንድ ረጅም ስፓኒሽ ለቀቁበት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ የሩጫ ኮቴ ተሰማ፤ «ኧረ ፈረንጅ ታስሯል!» የሚል ጩኸትም ተከተለው።

ሁሌ ናፍጣ የለውም የሚባለው ጄኔሬተር ወዲያው ተነሳ።