ሚስተር እቁብ ማን ናቸው?

ለንደን የሚኖር ሐበሻ ጤፍ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከረጢቱን ያገላብጣል፣ ዱቄቱን በሁለት ጣቱ ፈትጎ ያያል፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል፣ «ያለፈው እንጀራው ዓይን አላወጣም» ብሎ ባለሱቁን ይወቅሳል። ጤፍ ነውና አይፈረድበትም። ይኸው ሰው የ400 ሺህ ፓውንድ ቤት ሲገዛ ግን ሶሊሲተሩን የሚመርጠው በአቦልና በቶና መካከል ነው።

የእኔም ምርጫ የተጀመረው እዚያው ረከቦት አጠገብ ነው። ፍላት ልገዛ መሆኔን እንደተናገርኩ አንዱ ወዳጄ ሲኒውን ሳያስቀምጥ «እኔ ሶሊሲተር አለችኝ፤ አንበሳ ናት!» አለ። በምን አንበሳ እንደሆነች ሲጠየቅ፣ የሆም ኦፊስ ጉዳዩን ይግባኝ ብላ ያሸነፈችለት እሷ ናት። ቤቱ በሙሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። የጥገኝነት ጠበቃና የቤት ግዢ ጠበቃ የዓይን ሐኪምና የወጌሻ ያህል እንደሚራራቁ ያነሣ ሰው አልነበረም። ደወልኩላት። ጨዋ ሴት ናትና «ይህን ሥራ አልሠራም» አለችኝ። እኔ ግን ኮራችብኝ ብዬ ቅር አለኝ።

ቀጥሎ ኤጀንቱ መጣ። ኮሚሽኑን ከሻጩ የሚቀበል ሰው ለእኔ ለገዢው «ከእኛ ጋር ተግባብቶ የሚሠራ» ጠበቃ ሲፈልግልኝ በቅንነቱ ልቤ ተነካ። ኤጀንት ደንበኛ ላመጣበት ከጠበቃው ቢሮ ገንዘብ ማግኘቱ እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ ጠበቃውም ይህን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። ለእኔም ተነግሮኛል፤ ገጽ 6 ላይ። ገጽ 6ን ማን ያነባል? ባለቤቴ አነበበችው። የመርካቶ ልጅ ናት። «የሻጩ ደላላ ባመጣልህ ጠበቃ ልትፈርም ነው?» አለችኝ፤ ወሬው በዚያው ቀረ።

የቀረን መለኪያ ዋጋ ነበር። ሶሊሲተሮች የቤት ግዢና ሽያጭ ዋጋቸውን ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያወጡ ተቆጣጣሪያቸው እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ አዟል፤ እኔም ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ አነበብኩትና ከሥር ያለችውን ሶሊሲተር ያዝኩ። 595 ፓውንድ። ከዚያ ተጨማሪው ይቆጠር ጀመር፦ ቤቱ በሊዝ የተያዘ ስለሆነ፣ ከገንዘቡ ከፊሉ ስጦታ ስለሆነ፣ መታወቂያ ለማጣራት፣ ብሩን በባንክ ለማስተላለፍ፣ የቴምብር ቀረጡን ቅጽ ለመሙላት። መጨረሻ ላይ ከእጥፍ አለፈ። ያም ሆኖ ስሟ ባንኬ በሚቀበላቸው ጠበቆች ዝርዝር ውስጥ መገኘቱ የዕድል ጉዳይ ነበር፤ መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም ነበር። ይህን ሥራ ለመሥራት የግድ ሶሊሲተር መሆን እንደማያስፈልግም የሰማሁት በኋላ ነው። በ1985ቱ ሕግ የመጡ፣ «ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር» የሚባሉ፣ ዋና ሥራቸው የቤት ግዢና ሽያጭ የሆነ ባለሙያዎች አሉ። ይህም ቡና ላይ አልተነሣም።

የመጀመሪያው ኢሜይሏ እንዲህ ይላል፦ «በየወሩ 500 ፓውንድ ለእቁብ ይከፍላሉ። በማርች ወር ደግሞ እቁብ 10 ሺህ ፓውንድ ከፍለውዎታል። ሚስተር እቁብ ማን ናቸው? ከእርስዎ ጋር ያላቸው ዝምድናስ ምንድን ነው?»

የ2017ቱ የገንዘብ አጠባ መከላከያ ደንብ ጠበቃው የደንበኛውን ገንዘብ ምንጭ እንዲያጣራ ያስገድዳል፤ የሴትየዋ ጥፋት አይደለም። ሚስተር እቁብ ሰው አለመሆናቸውን፣ 20 ሰዎች በየወሩ እያዋጡ በዕጣ የሚደርሳቸው ገንዘብ መሆኑን ጻፍኩላት። ወለድስ? የለውም። ውልስ? የለም። ታዲያ አንዱ ዕጣውን ወስዶ ቢጠፋ? ዋስ አለበት። የዋስትናው ሰነድስ? እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ። ዋሴ የክርስትና ልጄ አባት ነው፤ ሰነዱ እሱ ራሱ ነው። በስተመጨረሻ የእቁቡ ዳኛ ሁለት ገጽ ጽፈው ፈረሙልኝ። ማኅተም የለንም እንጂ ቢኖረንማ አራቱም ማዕዘን ላይ ይመቱልኝ ነበር።

ሚስተር እቁብን አሰናብተን ወደ አክስቴ ዞርን። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ 5 ሺህ ፓውንድ ረድታኛለች፤ ገንዘቡ ስጦታ እንጂ ብድር እንዳልሆነ፣ በቤቱም ላይ ምንም መብት እንደማትጠይቅ በፊርማዋ ማረጋገጥ ነበረባት። «እኔ ነኝ በወንድሜ ልጅ ቤት ላይ መብት የምጠይቅ? አላመንከኝም ማለት ነው?» ብላ ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሣችም። ፊርማው የመጣው እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ ካስታረቀችን በኋላ ነው።

እንዲህም ሆኖ በሳምንት አራት ቀን እየደወልኩ «ምን ላይ ደረሰ?» እላለሁ። መልሱ ያው ነው፦ የካውንስሉን መልስ እየጠበቅን ነው፤ የውኃና የፍሳሹ መጥቷል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንጹሕ ነው። የምን ቤተ ክርስቲያን? ብዬ ጠየቅኩ። እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ መሬት የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን መቅደስ የማደስ ጥንታዊ ዕዳ ተሸክሞ ይገኛል። ዎሪክሸር ውስጥ አስተን ካንትሎው በምትባል መንደር የእርሻ ቤት የነበራቸውን ባልና ሚስት ቤተ ክርስቲያኑ ወደ 100 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ጠይቋቸው እስከ ጌቶች ምክር ቤት ተካሰሱ፤ በ2003 ተፈረደባቸው። እኛ አገር ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጃንጥላ ዘርግተው መንገድ ዳር ሲለምኑን ሳንቲም ጥለን እናልፋለን፤ እዚህ ጃንጥላው የተዘረጋው በካርታው ሥር ነው። ሴትየዋ ይህንን ሁሉ ስታጣራልኝ እኔ ለባለቤቴ «ይቺ ሴት ተኝታለች» እላለሁ።

እውነቱን ለመናገር የምፈልገው ጠበቃ ሳይሆን ደላላ ነበር። አዲስ አበባ ደላላው «አለቀ በለው!» ይልሃል፤ ገዢና ሻጭ ውልና ማስረጃ ገብተው ሲፈርሙ በር ላይ ቆሞ ሁለት በመቶውን ይጠብቃል። «አለቀ» መስማት ደስ ይላል። ይቺ ግን አንድም ቀን «አለቀ» ብላኝ አታውቅም። የእንግሊዝ ሕግ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ሻጩም ሆነ ገዢው ያለ ካሣ ትቶ እንዲሄድ ስለሚፈቅድ እንዲያ ማለት አትችልም። እኛ በበኩላችን «ቤት ገዛን» ብለን ካወጅን ሁለት ወር ሆኖናል። እንኳን ደስ አላችሁ የሚል እንግዳ ቤት ሞልቷል። ባለቤቴ አባ መጥተው ጠበል የሚረጩበትን ቀን አስይዛለች።

በአሥረኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና ኃይለ ቃል ቀላቅዬ ደወልኩ። ረጋ ብላ «ከ11 ቀን በፊት ለላክሁልዎ ኢሜይል መልስ እየጠበቅሁ ነው» አለችኝ። ፈለግኩት። ከአልባሌ ማስታወቂያዎች ጋር ተወርውሮ ተኝቷል፤ ሁለት አባሪዎች አሉት። አንደኛው ሻጩ ምን ትቶ ምን ይዞ እንደሚሄድ የሚዘረዝር ቅጽ ነው። ይህን በሚገባ አነበብኩት። የመጋረጃ ዘንጎቹን ይወስዳል። የሽንት ቤት ወረቀት መስቀያውንም ይወስዳል! ወዲያው ሦስት አንቀጽ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፌ ላክሁ።

ሁለተኛው አባሪ ሊዙ የቀረው 81 ዓመት ብቻ መሆኑን፣ ከ80 ሲወርድ የማራዘሚያው ዋጋ እንደሚንር ገልጾ «ምን እንዳደርግ ይፈልጋሉ?» ይላል። እሱን ያነበብኩት በማግስቱ ነው።

ሻጩ የማራዘሙን ሂደት በስሙ ጀምሮ መብቱን ለእኔ እንዲያስተላልፍ አደረገችው። ስንት ሺህ ፓውንድ እንዳዳነችኝ በኋላ ሳሰላው ላብ አጠመቀኝ። የመስቀያውን ጉዳይ ግን አላነሣችልኝም።

ቁልፉን የተቀበልነው በአራተኛው ወር፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት «የባንክ ሒሳቤ ተለውጧል የሚል ኢሜይል ከደረሰዎ እኔ አይደለሁም፤ ሳይደውሉ ገንዘብ እንዳይልኩ» ብላ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ፤ በሦስተኛው «ይቺ ሴት ደግሞ ነገር ታበዛለች» አልኩ። አባም በተቆረጠው ቀን ሳይሆን ከአምስት ሳምንት በኋላ መጥተው ረጩልን። መጋረጃው እስካሁን በሚስማር ነው የተሰቀለው።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ አንድ ቤት ሊገዛ ያሰበ ልጅ ጠበቃ ያገኝ እንደሆነ ጠየቀ። እኔም ሲኒዬን ሳላስቀምጥ «እኔ አለችኝ፤ አንበሳ ናት!» አልኩ። ቁጥሯን እስካሁን ለሦስት ሰው ሰጥቻለሁ። ሦስቱም የጠየቁኝ ስንት እንደምታስከፍል ብቻ ነው።